የፊቱ ፍሬን

ሸምሱ ከአቶቴ መጣ በጠዋቱ፣
እርሳሱ ጆሮው ላይ፣ ደብተሩ በብብቱ።
ሞተሯን ዞራት። ሳልባትዮ ይህን ያህል፣ ማርሚታ ይህን ያህል፣
«ማንቡሪዮው ጠማማ ነው፣ ግን ለብረት ይሆናል።»
ቸርኬውን በጥፍሩ መታ አደረገና
ድምፁን አዳመጠ፤ ቀጠለ እንደገና፤
ካንዴላ፣ ካቴና፣ ፍሪሲዮን፣ ኮርቻ…
ወንድሜ ዳንጊሶ ይደምራል ብቻ።
ድምሩ ቆርቆሮ ነው፤ አሥራ ስምንት ቆርቆሮ፤
የኋላው ክፍላችን ያፈሳል ዘንድሮ።

ጋሽ ካያሞ ደግሞ፣ መናኸሪያው ጀርባ
ግራሶ ለብሶ ወጥቶ፣ ግራሶ ለብሶ የሚገባ፣
«ትነሣለች» ይላል። «ፒስተኑ ከመጣ፣
ቀለበቱ ከሞያሌ፣ በሰው እጅ ከወጣ፣
ከክረምት ከቀደምን፣ ዓይኔም ካልደከመ፣
እኔም በሕይወት ካለሁ» ብሎ ደመደመ።
የሸምሱ ሒሳብ ቁጥር ነው። የሱ ግን «ከ» ነው።
«ከ» ደግሞ በየትኛው ገበያ፣ ምንዛሬው ስንት ነው?

የእናቴ ናት እንግዲህ። የሲስተር ብርቄ።
ነጭ ጋወን በቦት ጫማ፣ ከሱሪ ጋር ታጥቃ፣
የበረዶ ሳጥኑን ከኋላዋ አጥብቃ፣
የኩፍኝ ክትባት ይዛ ቦርቻ ስትወርድ
እሽቅድምድሟ ከሰው አይደል፤ ሳጥኑ ውስጥ ካለው በረድ።
ሳይቀልጥ መድረስ ነው። ሌላ ሕግ አታውቅም።
ልጆቹ «ሞተር የምትነዳ ሴት!» እያሉ
በአቧራዋ ሮጠው፣ ከበው፣ ተንጫጭተው፣
መርፌው ሲወጣ ግን፣ እንሰት ውስጥ ጠፍተው።

እኔም ጠባሳ አለኝ፣ ባቴ ላይ፣ የማርሚታ፤
ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ተጣድፌ ስወርድ ማታ።
ሸምሱ ማርሚታዋን በእጁ ሲመዝናት
እጄ፣ ሳላዝዘው፣ ጠባሳዬን ነካት።

አሁን ከአቮካዶው ሥር፣ ሸራ ተከናንባ፣
ኮርቻዋ ጎድጉዶ፣ ዶሮ እንቁላል ጥላባት፣
አጥሩ ላይ አባ ኮዳ አንገቱን ቀብሮ
እንደ ሦስተኛ ገዢ ተራውን ሲጠብቅባት።

ሌሊት ወጣሁና፣ በስልኬ መብራት
የምንሸጠውን ነገር አንድ በአንድ አየሁት።
ሳልባትዮዋ ላይ፣ ከቀዩ ቀለም ሥር ሰማያዊ፤
ከሰማያዊው ሥር «ግብርና» የሚል ጽሑፍ፣ ግማሹ የተላጠ።
የኋላ ቸርኬዋ የፖስታ ቤት ነበር።
ማርሚታዋ ከለኩ፣ ከአንድ ወንጌላዊ፣ በሁለት ዶሮ የተለወጠ።
(እንግዲህ ጠባሳዬም ከለኩ ነው የመጣ።)
መስታወቷ የባጃጅ፣ አንዱ ፔዳሏ የብስክሌት፤
ለካ ይህች ሞተር ራሷ ገበያ ነበረች፣
ከስንት የሞቱ ሞተሮች ለምና የኖረች።
እና የቱን ልሽጥ? የቱን ነው የማድን?
አንድ ሆኖ የማያውቅን፣ እንዴት ነው የምበትን?

ጠዋት ላይ ጠየቅኋት። ጉልበቷን በቅባት
እያሸች ነበረ፣ ደጁ ላይ፣ ለፀሐይ ሰጥታ።
ዳንጊሶ ጣራውን ቀና ብሎ አየላት።
እኔ የካያሞን «ከ»ዎች ቆጠርኩላት።
ዝም አለች።
ከሐይቁ በኩል የዓሣ ሽታ መጣ። ባጃጅ አለፈ።
ሸምሱ ሰዓቱን አየ።
ከዚያ፣ ወደ ሞተሯ ዞር እንኳ ሳትል፣

«የፊቱ ፍሬን አይዝም» አለች። «ድሮም አይዝም።
በእግሬ ነበር የማቆማት፤ ስንት ቦት ጨርሻለሁ።
ለሚወስደው ሰው ንገሩት። ልጅ አፍናጥጦ ለሚሄድ አትስጡ።
ከሸጣችሁ።»

ሸምሱ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣
ከ«ፍሬን» ፊት ለፊት የጻፈውን ሰረዘ።
ዳንጊሶ ድምሩን ከመጀመሪያው ጀመረ።
እኔ ያችን የመጨረሻዋን «ከ» አንሥቼ
ከካያሞዎቹ ጋር አስቀመጥኳት።

ዶሮዋ ኮርቻው ላይ ጮኸች።